ለዳማ ጊዜ የለኝም

በሰቆጣ ከተማ በአንድ ወር ውስጥ ልቦለድ የጨረስኩ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። ከእኔ በፊት የሞከረ የለም፤ ከእኔ በኋላም የሞከረ አልሰማሁም። ነገሩን ከኒሯቅ እስከ አምደወርቅ ብታሰፉት እንኳ የሚከራከረኝ አታገኙም። እርግጥ “ጨረስኩ” ስል መጽሐፉን ማለቴ አይደለም፤ ወረቀቱን ነው። ወረቀቱ አልቋል። እስክሪብቶውም አልቋል። የሚስቴ የብርቄ ትዕግሥትም አልቋል። ያላለቀው ልቦለዱ ብቻ ነው።

ያን ጊዜ ሞባይል የሚባለው ነገር ገና ሰቆጣ አልደረሰም። ሰው የፈለገ ሰው በእግሩ ሄዶ ይፈልጋል፤ ካጣም መልእክት ትቶ ይመለሳል። ይህን ከወዲሁ የምነግራችሁ በኋላ የሚመጣውን ጥፋቴን በስልክ አለመኖር ላሳብብ እንዲመቸኝ ነው።

ሥራዬ የእንስሳት ጤና ረዳትነት ነው። ገበሬው ግን “ዶክተር” ይለኛል። መጀመሪያ የመጣሁ ሰሞን “ኧረ እኔ ዶክተር አይደለሁም” እያልኩ አርም ነበር። ቆይቶ ሳስበው የሰውን አፍ በከንቱ ማድከም መሰለኝና ተውኩት። ሚስቴም አንድ ቀን በቁጣ መሀል “አንተ ዶክተር” ስትለኝ ማዕረጉ ቤቴም ጸደቀ።

ለሥራ ከየቦታው ተመድበን የመጣን የመንግሥት ሠራተኞች የንባብ ክበብ ነበረን። እሑድ ከሰዓት በኋላ እንሰበሰባለን። መጽሐፉ ጥቂት፣ ነቃፊው ብዙ ስለሆነ አንዱን መጽሐፍ በየተራ እያነበብን አንድ ላይ እንቦጭቀዋለን። ሰብሳቢያችን መምህርት ሙሉነሽ ነበረች፤ የአማርኛ አስተማሪ፣ ሰው ሰላምታ ሲሰጣት እንኳ በልቧ ቀይ እስክሪብቶ ይዛ የምትሰማ ሴት። አንድ እሑድ በውጭ አገር ሰዎች ልቦለድ በአንድ ወር ጽፈው እንደሚጨርሱ ከየት እንደሆነ ሰምታ መጣችና እኛስ ምን ያንሰናል አለች። በየትኛው ወር እናድርገው ተብሎ ሲመከር፣ አንዱ የፋይናንስ ሠራተኛ ሰኔን አቀረበ። ሰኔ በጀት የሚዘጋበት ወር ነው፤ ያልተሠራውን እንደተሠራ እያደረግን ሪፖርት ስንጽፍ ስለምንከርም እጃችን ለፈጠራ ይሞቃል፤ በዚያው ልቦለዱን እንዘጋዋለን አለ። የተቃወመው አልነበረም።

“ማን ይገባል?” አለች ሙሉነሽ።

ሁሉም ጫማውን ማየት ጀመረ። የእኔ እጅ ሳያማክረኝ ወጣ። አንዴ ከወጣ በኋላ ደግሞ ጭንቅላቴን ያከክሁ መስዬ ላወርደው ሞክሬ ነበር፤ ሙሉነሽ ግን ስሜን ጽፋ ጨርሳለች።

ብርቄ ነገሩን ስትሰማ አልተቆጣችም። የከፋውም እሱ ነው። ጓሮውን አየች፣ ግድግዳውን አየች፣ ከዚያ መንገዱን አየች። ጓሮው ያለው የንብ ቀፎዬ ነው። ማራችን በአገሩ ሁሉ የተመሰገነ ነውና እኔም ንብ ማነብ ጀምሬ ነበር፤ የቆረጥኩት ማር ከተነደፍኩት ንድፊያ ጋር ሲተያይ ግን የሚያነቡኝ ንቦቹ ይመስላሉ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ክራሬ ነው። ከጅማቶቹ ሁለቱ ተበጥሰዋል፤ እኔ የማውቀው ዜማ ለቀሩት እንኳ ስለማይበቃ ጉድለቱ አይሰማም። መንገዱ ደግሞ የሚወስደው ወደ ልብስ ሰፊው ይመር በረንዳ ነው፤ እዚያ በቆርኪ ዳማ እንጫወታለን። እንጫወታለን ማለቴ ይመር ይበላኛል። እኔም ነገ እበላዋለሁ እያልኩ ስመላለስ ዓመታት አልፈዋል።

“እና ልቦለዱ የት ይቀመጣል?” አለች ብርቄ። እንደ ሶፋ።

እኔም ዕቅድ አወጣሁ። ማለዳ ልቦለድ፣ በምሳ ሰዓት ክራር፣ ወደ ማታ ንብ። ዳማ ሰኔ እስኪያልቅ እርም። ዳማን ለመተዌ ምስክር እንዲሆነኝ ከገበያ እስከ መናኸሪያ ላገኘሁት ሁሉ “ለዳማ ጊዜ የለኝም” እያልኩ ለፈፍኩ። ይህን ዓረፍተ ነገር ልብ በሉልኝ፤ በአፌ ላይ እንደ ሰላምታ የሆነው ያኔ ነው። ሰው “እንዴት አደርክ” ሲለኝ “ለዳማ ጊዜ የለኝም” ማለት ጀምሬ ነበር።

በዕቅዱ ላይ ያልታሰበው ነገር የመሥሪያ ቤት ሥራዬ ነው። ባልደረባዬ ለሥልጠና ባሕር ዳር ሄዶ ክሊኒኩ በእኔ ብቻ ቀርቷል። መላ አላጣሁም። ቢሮ ለሚፈልጉኝ “ፊልድ ነው” እንዲባል አደረግሁ፤ ፊልድ ላይ ለሚጠብቁኝ ደግሞ “ቢሮ ሥራ በዝቶበታል” የሚል መልእክት ላክሁ። በሁለቱ መሀል ቤቴ ቁጭ ብዬ መጻፍ ያዝኩ።

ልቦለዱ ጥሩ ጀመረ። መኮንን የሚባል ጎበዝና ወለላ የምትባል ቆንጆ ይዋደዳሉ። ከዚያ የትርፍ ጊዜ ሥራዎቼ በየተራ መግባት ጀመሩ። ንቦቼ በሰኔ አበባ ያጣሉና በሶ ላቀርብላቸው ስሄድ አንዷ ዓይኔ ሥር ወጋችኝ። አንድ ዓይኔ ተደፈነ። ባንድ ዓይን ስጽፍ ባጀሁና የተሰማኝን ለማስፈር ያህል መኮንንን አንድ ዓይና አደረግሁት። ዓይኔ ሲድን የሱን መመለስ ረሳሁ። ክራሩም አልቀረም፤ መኮንን በወለላ ደጅ ያንጎራጉራል፣ ወረቀት የሚሞላው በዘፈን መሆኑን ስደርስበት አዝማቹን በተመለሰ ቁጥር ከላይ እስከ ታች ደግሜ ጻፍኩት። እንዲያ ያለ የሚረዝም ፍቅር አይታችሁ አታውቁም። ዳማውን ግን በእርሜ ጸናሁ። የተጫወተው መኮንን ነው። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ወደ ወለላ ሲሄድ መንገድ ላይ አንድ ዳማ አገኘና ተቀመጠ፤ እስከ አምስተኛው ምዕራፍ አላነሣሁትም። ወለላ በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ቆማ ቀረች።

በዚህ መሀል ነው አያ ኪሮስ ቤቴ የመጡት።

አያ ኪሮስ የሰቆጣ ዙሪያ ገበሬ ናቸው። ቤታቸው የሚነጋገሩት በኽምጣና ነው፤ አማርኛውን ለገበያ፣ ለቀበሌና ለእኔ ነው የሚያወጡት። ቁጥብ ሰው ናቸው፤ ቃል ሲናገሩ ከጎተራ እንደሚሰፍሩ ነው። ክሊኒክ ሄደው ፊልድ ነው ተብለዋል፣ ፊልድ አለመሆኔን እሳቸው ያውቃሉ፣ ስለዚህ ቤቴ መጡ። እኔ ውስጥ ነኝ፣ በሩ ተዘግቷል፣ መኮንን ሊበላ የደረሰበት ቆርኪ አለ። ብርቄ ደጅ ላይ አነጋግራቸው በበሩ ስንጥቅ ጠራችኝ።

“አያ ኪሮስ ናቸው። ስለ ዳማ ነው፤ ቶሎ ይድረስልኝ ይላሉ።”

እኔ ደግሞ ኮራሁ። ሰዉ ከዳማ መለየቴን መቻል አቃተው፤ ከገጠር ድረስ እየመጣ ይለምነኝ ጀመር ብዬ። ጽናቴን ለማሳየት ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

“ለዳማ ጊዜ የለኝም በያቸው። ድርሰት ይዣለሁ። ሰኔ ሲያልቅ ይምጡ።”

ብርቄ ደግ ሴት ናት፤ የእኔን ቃል ለሽማግሌ እንዳለ አታቀርበውም። በኋላ እንደነገረችኝ፣ “ይቅርታ ያድርጉለት አያ፣ አሁን ለዳማ መምጣት አይችልም፤ ድርሰት ይዟል፤ ሰኔ ሲያልቅ ይጨርሳል” ነው ያለቻቸው። አያ ኪሮስም ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ጠጋ ብለው የበራችንን መቃን ሳሙ፣ ሄዱ።

“መቃኑን ስመው ሄዱ” አለችኝ ብርቄ፣ ግራ ገብቷት።

እኔን ግራ አልገባኝም። እንዲያውም ዓይኔ እንባ አቀረረ። የከተማው ምሁር ያልሰጠኝን ክብር ይኸው አንድ ገበሬ ለሥነ ጽሑፍ ሰጠ አልኩ። በዚያ ሙቀት ከምሳ በፊት ብዙ ገጽ ጻፍኩ። በልቦለዱም ውስጥ አንድ ገበሬ አስገብቼ የመኮንንን መቃን አስሳምኩት።

ቀናት አለፉ። መኮንንን ከዳማው ማስነሣት አቃተኝ፤ ጨዋታውን እንዴት እንደሚረታ ራሴም አላውቅማ። እንግዲህ ለምዕራፉ ጥናት ያስፈልጋል አልኩና ወደ ይመር በረንዳ ወረድኩ። ጥናት ነው፤ ጨዋታ አይደለም። ይመር የልብስ ስፌት መኪናውን ትቶ ቆርኪውን ደረደረ። ወዲያው ሁለት በላኝ። እኔም ለመጽናናት ያህል ስለ ጽናቴ አወራለት ጀመር፤ ሰዉ እንዴት እንደሚለምነኝ፣ አያ ኪሮስ እንኳ ከአገራቸው ድረስ መጥተው ለዳማ ጊዜ የለኝም ብዬ እንደመለስኳቸው።

ይመር ቆርኪውን በአየር ላይ እንደያዘ ቀረ።

“አያ ኪሮስ ምን ዳማ ያውቃሉ?”

“ቤቴ ድረስ መጥተው ጠሩኝ እያልኩህ።”

“የሳቸው ዳማ የሚበላው ሣር ነው” አለ።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ይመር ግን አልሳቀም።

“ዳማ በሬያቸው ነው አንተ ሰውዬ። ቀዩ በሬ። ታሟል። ባለፈው ገበያ ዶክተሩ ለዳማ ድርሳን ይዞለታል፣ ሰኔ ሲያልቅ ይጨርሳል፣ እስከዚያ ሌላ አላስነካውም እያሉ ሲያወሩ ሰምቻቸዋለሁ። እኔ ደግሞ ጠባይህ ተለውጦ ወደ እግዜር የተመለስክ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።”

እኔ ድርሰት አልኩ። ብርቄ ድርሰት አለች። አያ ኪሮስ የሰሙት ድርሳን ነው፤ የመልአክ ተአምር የሚነበብበት፣ ለታመመ የሚደገመው የጸሎት መጽሐፍ። ለነገሩ ምን ይፍረዱ? በር ዘግቶ፣ ሰው ሳያነጋግር፣ ከማለዳ ጀምሮ ጽሑፍ ላይ የሚደፋ ሰው በሳቸው አገር ሌላ ሥራ የለውም። ልቦለድ ብሎ ለማያውቃቸው መኮንንና ወለላ የሚደክም ጤነኛ ሰው ይኖራል ብለው እንዴት ያስቡ? መቃኑን የሳሙት ለበሬያቸው መልአክ ሊጠራላቸው ለተቀመጠ ሰው ነው።

አያ ኪሮስ ደግሞ ያላቸው በሬ አንድ ነው። ከጎረቤት በሬ ጋር እያቀናጁ ነው የሚያርሱት። ዝናቡ ጀምሯል፣ መሬቱ ለስልሷል። ዳማ ካልተነሣ የአያ ኪሮስ ብቻ ሳይሆን የጎረቤታቸውም መሬት ጦም ያድራል።

ቤት ገብቼ የመድኃኒት ቦርሳዬን አነሣሁ። ልቦለዱ እዚያው ቦርሳ ውስጥ ነበር፤ ምናልባት መንገድ ላይ ሐሳብ ቢመጣ ብዬ ከመርፌዎቹ ጋር ነበር የምይዘው። ብርቄን ስለ በሬው ነገርኳት። እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ከዚያ “በእኔ አፍ ነው መልእክቱ የደረሰው” አለችና ከእኔ በላይ አፈረች። ያ ነው መንገዱን ሁሉ ያሯሯጠኝ። ሮጥኩ ስል፣ ቁልቁለቱ ነው የሮጠው፤ እኔ ላዩ ላይ ነበርኩ። ጭቃ ላይ ስንቴ እንደተቀመጥኩ አትጠይቁኝ።

ስደርስ ዳማ ከቤቱ ጎን ከወይራው ሥር ተኝቷል። ጎድኑ ይቆጠራል፣ ጆሮው ወድቋል፣ ሲያስለው መላ ሰውነቱ ይናጣል። ዝናብ እንዳይመታው የአያ ኪሮስ ጋቢ ለብሷል። እሳቸው ራሳቸው በእጀ ጠባብ ብቻ ቆመው ይንቀጠቀጣሉ። ጎረቤት ተሰብስቧል፤ የሌላኛው በሬ ባለቤትም አለ፤ እሱ ሰማይ ሰማዩን ያያል።

አያ ኪሮስ ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

“ሰኔ ሲያልቅ ብለኸን። ቀድመህ ጨረስከው?”

“ገና ነው አያ” አልኩ። እውነቴን ነው።

“እንግዲያ የቀረውን እዚሁ ድገምለት።”

አይ መጀመሪያ መርፌውን ልስጠው ብዬ ቦርሳውን ስከፍት የወጣው ልቦለዱ ነው። ወረቀቱን ሲያዩ የተቀመጡት ተነሡ፣ ባርኔጣ ያደረጉት አወለቁ። አያ ኪሮስ ክንዴን ያዙኝ።

“መርፌማ የምድር ነው፤ የትም አይሄድ። መጀመሪያ የላዩን።”

እዚህ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃኝ ነበር። “ይህ ድርሳን አይደለም፤ የፍቅር ታሪክ ነው” ብል ያልቃል። ያን ሁሉ ገጽ የጻፍኩ ሰው ያንን አንድ ዓረፍተ ነገር አጣሁት። ትንሽ አንብቤ ላሳርፋቸው አልኩና ወረቀቱን ከፍ አድርጌ እንደ ቤተ ክርስቲያን ንባብ አስረዝሜ ጀመርኩ።

“ወለላም በደጃፏ ቆማ ነበር። ዓይኖቿም መንገዱን ይመለከቱ ነበር...”

“አሜን” አሉ ሽማግሌዎቹ።

“መኮንንም አልመጣም ነበር።”

“አሜን።”

አያ ኪሮስ አማርኛ ለማይሰሙት ሁለት አዛውንቶች ዝግ ብለው በኽምጣና ያደርሱላቸዋል። እንዴት አድርገው እንደተረጎሙት እንጃ፤ አዛውንቶቹ አንገታቸውን ደፍተው ያዳምጡ ነበር። ዳማም ማሳሉን ያቆመ መሰለኝ። የአያ ኪሮስ ሚስት እትዬ ለተብርሃን ግን ከተማ አጠገብ ያደጉ ናቸው፤ አማርኛቸው እንደ እኔው ነው። ክንዳቸውን አጣጥፈው ከኋላ ቆመው ሲሰሙኝ ቆዩና፦

“ዶክተር፣ ይቺ ወለላ የምትባለው የየትኛው ገዳም ጻድቅ ናት?” አሉ።

ሰዉ ወደ እኔ ዞረ።

“እ... በኋላ ነው የምትመንነው” አልኩ።

“ሰውየውስ ለምን አይመጣላትም?”

“ዳማ ይዞት ነው።”

እትዬ ለተብርሃን መጀመሪያ በሬውን፣ ቀጥሎ እኔን አዩ። ከዚያ ወደ ቦርሳዬ አመለከቱ። “መርፌው እዚያ ውስጥ ነው ያለው?” አሉ። ነው አልኩ።

ከዚያ በኋላ በሬውን ወጋሁት። የታመመው ሳንባው ነበር፤ በመጀመሪያው ቀን ቢደረስለት ቀላል ነበር። አያ ኪሮስ ራሱን አቅፈው ያዙልኝ። ሰዉ ሲበተን እኔና አያ ኪሮስ ከዳማ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ያኔ ነው ሁሉንም የነገርኳቸው። ድርሳን አይደለም ድርሰት ነው፤ የፈጠራ ወሬ ነው አልኳቸው። ለዳማ ጊዜ የለኝም ያልኩትም ለቆርኪው ዳማ ነው፤ እርስዎ በሬ እንዳለዎት እንጂ ስሙን አላውቅም ነበር አልኳቸው። እንዲቆጡኝ ጠበቅሁ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

“እኔ ደጅህን ስሜ ነው የሄድኩት” አሉ ቀስ ብለው። ተነሥተው ጋቢያቸውን የዳማ ጀርባ ላይ አስተካከሉ።

በየቀኑ እየሄድኩ ወጋሁት። ልቦለድ የለ፣ ክራር የለ፣ ንቦቼም በሶ ያቀረበችላቸው ብርቄ ናት። ዳማ ሰነባብቶ በጉልበቱ ተነሣ፣ ቆይቶ በአራት እግሩ ቆመ፤ ሣር ሲነጭ ያየሁት ዕለት ከይመር በረንዳ የተሻለ ጨዋታ ያየሁ መሰለኝ። ቀንበር የገባው ግን ሌላው ሰው ዘርቶ ከጨረሰ በኋላ ነው። የሁለቱም ቤት እህል በዚያ ዓመት ዘግይቶ በቀለ፣ አጥሮም ቀረ። እትዬ ለተብርሃን ገበያ ላይ ባገኙኝ ቁጥር “ወለላ እንዴት ናት? አገባች?” ይሉኛል። እጅ ነሥቼ አልፋለሁ።

በሰኔ መጨረሻው እሑድ ክበቡ ተሰበሰበ። ከእኔ ሌላ አንድ ገጽ የጻፈ አልነበረም፤ ያ ሰኔን ያስመረጠን ሰው ሪፖርቱንም አላደረሰም። ሙሉነሽ የወረቀቱን ክምር አይታ ተደነቀች። ሰው አንብቦታል ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

“ተነቧል” አልኩ።

“ምን አሉ?”

“አሜን አሉ።”

ክበቡ ሳቀ፣ አጨበጨበልኝ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ታሪኩን ከዚያ ወዲህ በየሰርጉና በየዝክሩ አውርቼዋለሁ፤ ሁልጊዜም የማወራው ለእናንተ እንዳወራሁት ነው፤ እትዬ ለተብርሃን መርፌውን ጠየቁ፣ “ከዚያ በኋላ በሬውን ወጋሁት” እላለሁ። በዚያች “ከዚያ በኋላ” ውስጥ ያለውን እየዘለልኩ ነው የኖርኩት። እትዬ ለተብርሃን ቦርሳዬን ሲያመለክቱ ገና የምዕራፉ መጀመሪያ ላይ ነበርኩ። በሬው እግሬ ሥር ያቃስታል፣ መርፌው አጠገቤ ነው፣ ሴትዮዋ ገብቷቸዋል። ነገር ግን ያን ያህል ሰው ቆሞ የጻፍኩትን ሲሰማኝ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ሽማግሌዎቹም ወለላ ምን እንደምትሆን ለማወቅ ጠጋ ጠጋ እያሉ ነበር። ወረቀቱን ገለጥኩ። ምዕራፉን ከነአዝማቹ እስከ መጨረሻው አንብቤ ነው በሬውን የወጋሁት።